ነብሮ ገመዱን ሲጎትት

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ሰሚት አካባቢ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው የምኖረው። አሥር ወር የሞላው ጀርመን ሼፐርድ አለን፤ ስሙ ነብሮ ይባላል። ግቢ ውስጥ የዋህ ነው። ከበር ስንወጣ ግን ሌላ ውሻ ይሆናል። ይጎትታል፣ ሰው ላይ ይዘላል፣ የሰፈር ውሻ ካየ ያብዳል። ባለፈው ሳምንት እናቴን ጎትቶ ጣላት። የእጇ አንጓ ተሰንጥቆ አሁን በጄሶ ታስሯል። ቨርጂኒያ ያለው ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ የማሠልጠኛ ማሰሪያ በሰው እጅ ላከልኝ። ብረት ነው፤ ወደ አንገቱ የሚዞሩ ጥርሶች አሉት። ‹እዚህ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ነው፤ ይሄ ካልሠራ በሪሞት የሚነዝረውን እልክልሻለሁ› አለኝ። ጎረቤታችን ደግሞ አይቶት ‹ይሄማ ማሰቃያ ነው› አለ። እንዴት ነው የሚታሰረው? ልጠቀምበት ወይስ ይቅር? አ.፣ ከሰሚት»

እህቴ አ.፣

ከሁሉ በፊት እናትሽን እግዚአብሔር ይማርዎ በይልኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ ሐሳቤ መጀመሪያ የሄደው ወደ እሳቸው እጅ ነው።

ቁርጡን ልንገርሽ፤ ማሰሪያውን አታድርጊለት። ወንድምሽ ክፉ አስቦ አልላከውም። እናቱ መውደቃቸውን ሰማ፣ ሩቅ ነው፣ የሚችለውን አደረገ። አሜሪካ የውሻ ዕቃ መሸጫ ገብተሽ ብትጠይቂ በቀላሉ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ እሱ የነገረሽ ውሸት አይደለም።

ዕቃው ግን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይገባሻል። ጥርሶቹ ጫፋቸው ደንዘዝ ያለ ነው፤ ቆዳ ለመብሳት አልተሠሩም። ገመዱ ሲወጠር ማሰሪያው ይጠብና አንገቱን ዙሪያውን ይቆነጥጠዋል። ገመዱ ሲላላ ቁንጥጫው ይቆማል። በዚህ ዕቃ ብዙ የሠሩ አሠልጣኞች ከጆሮው ሥር ከፍ አድርገው፣ በልኩ ያስሩታል። ውሻው የሚማረው ከቁንጥጫው ይልቅ ከመላላቱ ነው ይላሉ። በዚህ ከእነሱ ጋር እስማማለሁ። ውሻን የሚያስተምረው የገመዱ መላላት ነው። ታዲያ ገመድ እንዲላላ መጀመሪያ መቆንጠጥ የግድ ነው? አይደለም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ትልቁ አደጋ ሰዓቱ ነው። ውሻ አንድን ነገር ከሌላ ጋር የሚያያይዘው በቅጽበት ነው። ሕመሙ ትንሽ ከዘገየ ወይም ውሻው ዓይኑን ሌላ ነገር ላይ ከጣለ፣ «በመጎተቴ ነው የተቆነጠጥኩት» አይልም። ያን ጊዜ ያየውን ነገር ነው የሚጠላው።

ይህን የምልሽ በራሴ ስለደረሰ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት መጀመሪያ ላሳደግሁት ውሻ አንገት የሚያንቅ ሰንሰለት አደርግለት ነበር። ያኔ የማውቀው ያንን ብቻ ነው። ጠዋት ስንወጣ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ያገኙናል። ውሻው ወደ እነሱ ይጎትታል፤ ጨዋታ ፈልጎ ነበር። እኔ ደግሞ ልጆቹ እንዳይደነግጡ ሰንሰለቱን ነጠቅ አደርጋለሁ። በየቀኑ እንዲሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጎተቱን ተወ። ደስ አለኝ፣ ለሰውም አወራሁ። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ግቢያችን መጣች። ምንም አላደረገችውም። ጥርሱን ገልጦ ተነሳባት። ደርሼ ያዝኩት እንጂ ይነክሳት ነበር። የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ ባየ ቁጥር አንገቱ ታንቋል። እሱ የያዘው ትምህርት «ልጅ ሲመጣ ያመኛል» የሚል ነበር። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነብሮ የሰፈር ውሻ ሲያይ ያብዳል ብለሻል። በዚያች ደቂቃ አንገቱን ቢቆነጠጥ ከዚያ ውሻ ጋር ያለው ጠብ ይብሳል እንጂ አይበርድም። ሰፈራችሁ ደግሞ ልጅም ውሻም ሞልቶበታል።

ሌላም ላንሳ። የነብሮ ዘር አገሩ ጀርመን ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ጥርስ ባለው ማሰሪያ ውሻ ማሠልጠንን በሕግ ከልክላለች። ወንድምሽ ያሰበውን በሪሞት የሚነዝረውን ደግሞ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከልክላዋለች። በእንግሊዝ አገር የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ያወጡት ጥናት አለ። እንስሳ የሚያሳድዱና ሲጠሯቸው የማይመጡ 63 ውሾችን ለሦስት ከፍለው አሠለጠኑ። አንዱ ቡድን በሚነዝር ማሰሪያ ሠለጠነ። በማሰሪያው የሠለጠኑት ብልጫ አላሳዩም። በሽልማት የሠለጠኑት «ና» እና «ተቀመጥ» ሲባሉ ፈጥነው የሚታዘዙ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ሳያሳምሙ እዚያው መድረስ ከተቻለ ማሳመሙ ለምን? ለወንድምሽ ይህንን ንገሪው፤ ይገባዋል።

አሁን ነብሮ ለምን እንደሚጎትት እንይ።

አንደኛ፣ አንቺ ለእሱ ቀርፋፋ ነሽ። ይህ ዘር እ.ኤ.አ. በ1899 ሲጀመር መነሻው የበግ ጠባቂ ውሻ ነው። ቀኑን ሙሉ በመንጋው ዙሪያ ሶምሶማ እየሮጠ የሚውል ውሻ ማለት ነው። የሰው እርምጃ እግሩን ያስረዋል። ከእኛ ጎን ቀስ ብሎ መሄድ መማር ያለበት ነገር ነው፤ አብሮት አልተወለደም።

ሁለተኛ፣ መጎተት አዋጥቶታል። ጎተተ፣ የሚያሸተው ግንድ ጋ ደረሰ። ጎተተ፣ ቆሻሻ ገንዳው ጋ ደረሰ። የሚያዋጣ ነገር ማን ይተዋል?

ሦስተኛውን አልጻፍሽልኝም፣ እኔ ግን እጠረጥራለሁ። ነብሮ ቀን ሰንሰለት ላይ ነው የሚውለው? ብዙ ግቢ ውስጥ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። እንግዳ ይመጣል፣ ተከራይ አለ፣ ልጆች ይፈራሉ፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን አሥር ሰዓት ታስሮ የዋለ ጎረምሳ ውሻ በሩ ሲከፈት ቢያብድ አይፈረድበትም። የአሥር ወር ጀርመን ሼፐርድ ማለት ልክ የጉርምስናው መሃል ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል ግቢ ውስጥ ፍቱት። ኳስ ወርውሩለት። ምግቡን በአንድ ሳህን ከመስጠት በየጥጋጥጉ በትኑለትና እያሸተተ ይፈልግ። አፍንጫውን ያሠራ ውሻ ከሮጠ ውሻ እኩል ይደክማል። ይህችን ብቻ ብታደርጉ የመጎተቱ ግማሽ የሚቀንስ ይመስለኛል።

ስለ ዕቃው። ሰፊ የጨርቅ ወይም የቆዳ ማሰሪያ ይበቃዋል። በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ይግባ። ጭንቅላቱን አሹልኮ የሚያመልጥ ከሆነ ሲሳብ ትንሽ ጠበብ ብሎ የሚቆም፣ እስከማነቅ የማይደርስ የጨርቅ ማሰሪያ አለ፤ እሱ ጥሩ ነው። ከሁሉ የምወደው ግን ደረቱ ላይ የሚታሰረውን ቀበቶ ነው። ስትገዢ ቀለበቱ ከፊት፣ ደረቱ መሃል ላይ መሆኑን እይ። ጀርባው ላይ ከሆነ እንደ ጋሪ ፈረስ ለመጎተት ይመቸዋል። ከፊት ከሆነ ግን ሲጎትት ሰውነቱ ወደ አንቺ ይዞራል፣ አንገቱም አይጎዳም። ወንድምሽ ሌላ የሚመጣ ሰው ካገኘ ይህንን ይላክልሽ። ካልሆነም ሻንጣ የሚሰፋ ሰው ጋ ሄደሽ በሻንጣ ማንገቻ ጨርቅ አሰፊ። እኔ አሰፍቼ ብዙ ጊዜ አገልግሎኛል።

ገመዱ ሁለት ሜትር ያህል ይሁን። ሰንሰለት አይሁን፤ እጅ ይልጣል፣ ክብደቱም መላላቱን ለውሻው እንዳይታወቀው ያደርጋል። እባክሽ ደግሞ ማንም ሰው ገመዱን እጁ ላይ እንዳይጠመጥመው። እናትሽም የወደቁት እንደዚያ ይዘውት ይመስለኛል። የገመዱን ጫፍ ቀለበት አውራ ጣትሽ ላይ አጥልቂና ጨብጪ። ሌላው እጅሽ ገመዱን መሃሉ ላይ ይያዝ። ሁለቱም እጆችሽ ከሆድሽ ጋ ይሁኑ።

ቀጥሎ ጉርሻ ያስፈልግሻል። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባል የለ? በበላበትም ይሄዳል። ከሉካንዳ ሳምባ ግዢ። በደንብ ቀቅለሽ እንደ ሽምብራ ፍሬ አድርገሽ ክተፊው። ጥሬውን በፍጹም አትስጪ። በጥሬ ሳምባና ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚሠራ የትል እጭ ይኖራል። ውሻው ሲበላው ሆዱ ውስጥ ትል ይሆናል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና ወደ ሰው ይተላለፋል፤ የሰውን ጉበትና ሳምባ የሚጎዳ ክፉ በሽታ ነው። መቀቀል ይገድለዋል። የወጥ ትራፊም አይሁን፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። በጾም ሉካንዳው ከተዘጋ ወይም ቤት ውስጥ ሥጋ መቀቀል ካስቸገረ፣ ለግቢ ልምምድ የደረቀ ዳቦም ይበቃል።

የመጀመሪያው ትምህርት ግቢ ውስጥ ነው። በሩ ዝግ ይሁን። ገመዱን እሰሪለትና ዝም ብለሽ ቁሚ። ገመዱን በጣም በትንሹ፣ ሻይ ብርጭቆ እንደማንሳት ያህል፣ ወጠር አድርጊና ጠብቂ። አትጎትቺው፣ አትጥሪው። ትንሽ ይወዛገባል። ከዚያ ወይ ዞር ብሎ ያይሻል፣ ወይ አንድ እርምጃ ወደ አንቺ ይመጣል። በዚያች ቅጽበት ልቀቅ አድርጊለትና «ጎበዝ!» ብለሽ አጉርሺው። አሥር ጊዜ ያህል ደጋግሚው፣ ከዚያ ይብቃው። ያ ሁሉ ብረት ሊያስተምረው የነበረው ይህንን ነው፤ ገመዱ ሲወጠር ወደ ሰው መመለስ። ነብሮ ያለ አንዳች ሕመም ተማረው ማለት ነው።

ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ካደረግሽ በኋላ መሄድ ጀምሪ፤ አሁንም ግቢ ውስጥ። ጉርሻው በግራ እጅሽ ይሁን፣ ውሻውም በግራሽ። ሁለት እርምጃ ሂጂ፤ ጎንሽ ካለ እግርሽ ጋ አድርገሽ አጉርሺው። እጅሽን ወደ ፊት ዘርግተሽ አትስጪው፤ ሁልጊዜ ጉርሻ የሚመጣው ከጭንሽ ጋ መሆኑን ይወቅ። ሁለቱ እርምጃ አምስት፣ አምስቱ አሥር ይሆናል። ገመዱ ከተወጠረ እንደ ምሰሶ ቀጥ በይ። አንዲት እርምጃ ወደ ፊት እንዳትሄጂ። ሲላላ ቀጥይ። በተከታታይ ከጎተተ ደግሞ ዝም ብለሽ ወደ ኋላ ዙሪና በመጣሽበት ተመለሺ። ቁጣ አያስፈልግም። ጎትቶ የትም እንደማይደርስ ሲያውቅ ይተዋል።

አሁን ወደ በሩ። በእኔ ልምድ የአብዛኛው ውሻ ጥፋት የሚጀምረው በር ላይ ነው። ስለዚህ በሩን ለብቻው አስተምሪው። እጅሽን መቀርቀሪያው ላይ አድርጊ። ነብሮ ከዘለለ እጅሽን መልሺ። ሲረጋ እንደገና። ትንሽ ክፈቺ፤ ከተወነጨፈ ዝጊ። ገመዱ ላልቶ በሩ ወለል ብሎ እስኪከፈት ድረስ ማንም አይወጣም። የመጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓት ሊፈጅብሽ ይችላል። ጎረቤት ቆሞ ሊያይሽ ይችላል። ግድ የለም። በር ላይ የተረጋጋ ውሻ መንገድ ላይም ለመረጋጋት ቅርብ ነው።

ውጭ ስትወጡ አጭር ይሁን፤ አሥር ደቂቃ፣ ጸጥ ባለ ቅያስ። ማሽተትን አትከልክይው። እንዲያውም ከጉርሻ ይበልጥበታል። አምስት ሜትር ገመዱን ሳይወጥር ከሄደ «ሂድ አሽት» ብለሽ ወደሚፈልገው ግንድ አብረሽው ሂጂ። እስከ ዛሬ በመጎተት ያገኘውን አሁን በጨዋነት አገኘ ማለት ነው።

የሰፈር ውሾች ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ርቀት ነው ቁልፉ። ነብሮ ውሻውን አይቶ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ግን ገና ሳያብድ፣ አንቺ የምትሰጪውን መብላት የሚችልበት ርቀት አለ። ሃምሳ ሜትር ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ አጉርሺው። ውሻ ያያል፣ ጉርሻ ይመጣል። ውሻ ያያል፣ ጉርሻ ይመጣል። ቀስ በቀስ ሲያይ ፊቱን ወደ አንቺ ያዞራል። ያን ጊዜ ነው የምትቀርቢው። ጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ከተገናኛችሁ ተሻገሪ ወይም ተመለሺ፤ ሽንፈት አይደለም። የሰፈር ውሻ ራሱ ከመጣባችሁ አትሩጪ። ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ የምታነሺ ምሰይ፤ የአዲስ አበባ ውሻ ይህን ምልክት አሳምሮ ያውቀዋል፣ መወርወር አያስፈልግም። ነብሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ መከተቡን አረጋግጪ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ። «ትንሽ ጭረት ናት» ብላችሁ እንዳታልፉት።

ስለ ሰዎቹም አንድ ነገር። ጠዋት መንገድ ላይ ነጠላ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አሉ። ውዱእ አድርገው ለሶላት የሚወጡ አሉ። ውሻ እንዲነካቸው አይፈልጉም፣ መብታቸው ነው። ሰው ሲመጣ ገመዱን አሳጥረሽ ያዢ፣ ነብሮን ከሰውየው በተቃራኒ በኩል አድርጊው፣ ቆመሽ አሳልፊ። ሰላምታ ስጪ። ሰው ሳይፈራው ሲያልፍ ነብሮም ሰው ማለፉን ይለምዳል።

ከባዱን አሁን ልንገርሽ። ታናሽ ወንድምሽም እንደ አንቺው መሥራት አለበት። ዘበኛ ካላችሁ እሱም። አንቺ ስድስት ቀን ቆመሽ ጠብቀሽ፣ ወንድምሽ እሁድ ለሱቅ ሲቸኩል እየተጎተተ ከሄደ፣ ነብሮ የሚይዘው የእሁዱን ነው። «አንዳንዴ ይሳካል» ብሎ ያሰበ ውሻ ከበፊቱ የባሰ ይጎትታል። ሁላችሁም ተቀምጣችሁ ተስማሙ። የሚቸኩል ሰው ያን ቀን ውሻውን ይዞ አይውጣ። ግቢ ውስጥ ኳስ ይወርውርለት።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ታያለሽ። ከዚያ አንድ ቀን ተመልሶ ያበላሸዋል። ጎረምሳ ነው፣ ይረሳል። ወደ ግቢው ተመለሺና ሁለት ቀን የመጀመሪያውን ትምህርት ስጪው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰው ላይ ጥርሱን የሚገልጥ ከሆነ ግን ሳትዘገዪ ለእንስሳት ሐኪም አሳይው፤ ሕመም ያለበት ውሻም እንዲህ ይሆናል።

ጥርስ ያለውን ማሰሪያ ለማንም አትስጪ። «እኔ ካልተጠቀምኩበት ለእገሌ ውሻ ይሁን» እንዳትይ። ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።

እናትሽ ጄሶው ከተፈታ በኋላም ሐኪሙ እጅዎ ድኗል እስኪላቸው ገመዱን አይያዙ። እስከዚያ ግን ከትምህርቱ አትለያቸው። ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ አንቺ ነብሮን ይዘሽ ስታልፊ በደህናው እጃቸው ያጉርሱት። መያዝ ሲጀምሩም ብቻቸውን አይሁኑ። ሁለት ገመድ እሰሪለት፤ አንዱን እሳቸው ይያዙ፣ ሌላውን አንቺ። የአንቺው ላልቶ ይንጠልጠል። ከበር እስከ ማዶው ግንድ ሄዳችሁ ተመለሱ፤ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃቸዋል።